የሲልቫ አደራ

እስቲ ወንበሩን ሳብ አድርጋችሁ ጠጋ በሉ። ቡናው ገና አቦል ነው፤ ቶናውና በረካው እስኪደርስ ጊዜ አለን። ዛሬ የማወጋችሁ ተረት አይደለምና «የላም በረት» አትበሉኝ። የሰው ታሪክ ነው፤ በእኛው ዘመን የኖረች፣ ገና ትናንት በሚባል ጊዜ ያረፈች፣ እንጀራዋም መከራዋም ግጥም የሆነባት ሴት ታሪክ። አገሯ አርመን ነው። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ሕዝቧ የሚቆጥረው በእሱ ነውና አትቀየሙኝ።

አርመን ስንል መቼም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ሽማግሌዎች አርመን ሰፈርን ያውቃሉ፤ አርመን ጫማ ሰፊ፣ አርመን ወርቅ ሠሪ ያውቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም ከእኛው ጋር እህት ናት። በ1924 ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ደርሰው፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ጡሩምባ ነፍተው ሲቀበሏቸው ሰምተው፣ አንጀታቸው ተላውሶ፣ አርባውን ልጆች ወደ አገራችን አስመጧቸው፤ እነሱም «አርባ ልጆች» ተብለው ቀሩ፤ ከእነሱ ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ። እነዚያ ልጆች ለምን ወላጅ አልባ ሆኑ ብሎ የጠየቀ ሰው የዛሬዋን ባለታሪክ ግማሽ ታሪክ ያውቃል ማለት ነው፤ ያቃጠላቸው እሳት አንድ ነውና።

ቫን የምትባል ከተማ ነበረች፤ ዛሬም አለች፣ በቱርክ ግዛት ውስጥ። ከጎኗ ትልቅ ሐይቅ ተንጣሏል፤ ውኃው ሲያዩት ሰማይ ነው፣ ግን አይጠጣም፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ድመቶቿም የታወቁ ናቸው፤ ነጭ ሆነው፣ አንድ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ አንዱ ደግሞ የማር መልክ ያለው አይጠፋባቸውም። የባለታሪካችን ቤተሰብ ካፑቲክያን ይባላል፤ ስሙ በአርመንኛ ሰማያዊ የሚለውን ቃል ያስታውሳል፤ የሐይቁ ሰዎች ናቸውና ባይገርምም ይገጥማል።

በ1915 የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከየቀያቸው እየነቀለ ሲያስፈጅና የተረፈውን ወደ ሶርያ በረሃ ሲነዳ፣ የቫን ሰዎች ሰፈራቸውን ዘግተው ተዋጉ፣ የሩስያም ጦር ደረሰላቸውና ከበባው ተሰበረ፣ እነሱም እፎይ ብለው የሞቱባቸውን ቀብረው ሳይጨርሱ ያው ጦር በሐምሌ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ከዚያም ሕዝቡ ጦሩን ተከትሎ ውጣ ተባለ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ጋሪ ያለው በጋሪ፣ የሌለው በእግሩ፣ ሕፃን ያላት ሕፃኗን አዝላ፣ አቧራው ዓይን እያሳወረ፣ ውኃ የሚገኝበት ቦታ ሲደርሱ ሰውም ከብትም በአንድነት እየተንጋጋ፣ በየመንገዱ የወደቀውን እዚያው እየተዉ፣ ተራራውን ተሻግረው ወደ አራራት ሜዳ ወረዱ። እንዲህ ያለ መንገድ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መድረሻቸው የሬቫን ነበረች። ያኔ የሬቫን የጭቃ ቤት የበዛባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በግንቦት 1918 የአንዲት አዲስ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ነሽ ስትባል፣ ያላት ሀብት ስደተኛ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ረሃብ፣ ታይፈስና ኮሌራ ተባብረው ገቡ። ከሞቱት አንዱ ባሩናክ ካፑቲክያን ነው፤ የቫን ሰው፣ ዳሽናክ የሚባለው የብሔርተኞች ፓርቲ አባል። ኮሌራ ነው የወሰደው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከሞተ ከሦስት ወር በኋላ፣ በ1919 መግቢያ፣ ሴት ልጅ ተወለደች።

ስሟን ሲርቫርድ አሏት፤ የፍቅር ጽጌረዳ እንደማለት ነው። በኋላ ዓለም ያወቃት ሲልቫ በሚለው ነው።

እናትና አያት አሳደጓት። አባቷን በዓይኗ አላየችም፤ አባቷ የሄደበትን ፓርቲ ስም ደግሞ ጮክ ብሎ መጥራት አይቻልም ነበር፣ ምክንያቱም ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ቦልሼቪኮች ገብተው አገሩ የሶቪየት ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ ቤት ውስጥ ስለ ሐይቁ ይወራል፣ ደጅ ስለ አብዮቱ ይዘመራል። አያት ባለችበት ቤት የጠፋ አገር አይሞትም፤ የምድጃው ዳር ላይ ይቀመጥና ከልጆቹ ጋር እኩል ያድጋል። በማለዳ መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ አራራት ተራራ በረዶውን ተከናንቦ ፊት ለፊት ይታያል። ይታያል እንጂ አይደረስበትም፤ ከድንበሩ ማዶ ነው። የየሬቫን ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቱ ይኼ ነው፤ የሚያየውንና የራሱ የሆነውን ለይቶ ማወቅ።

ሁለተኛው ትምህርት ፊደል ነው። የአርመን ፊደል የተቀረጸው በ405 ገደማ ሜስሮፕ ማሽቶትስ በተባለ መነኩሴ ነው፤ መጀመሪያ 36 ነበሩ። እኛ ስናያቸው የምናውቃቸው ይመስለናል። የሲልቫ ስም በአርመንኛ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚመጣው ፊደል ቁርጥ የኛን «ሀ» ነው፤ እነሱ ግን «ስ» ብለው ያነቡታል። ሊቃውንት ስለ መመሳሰሉ ብዙ ተከራክረዋል፤ እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም፣ ግን የአርመን መጽሐፍ ስገልጥ ሁልጊዜ የአጎቴን ልጅ ካፖርት ለብሶ እንዳየሁት ያህል እደነግጣለሁ።

በ1933 የመጀመሪያ ግጥሟ ታተመ፤ ዕድሜዋ 14። በ1936 የሬቫን ዩኒቨርሲቲ ገብታ አርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ጀመረች፣ እና በሚቀጥለው ዓመት 1937 መጣ። ያን ዓመት በሶቪየት ምድር የኖረ ሁሉ ቁጥሩን ሲጠራ ድምፁ ዝቅ ይላል። የአርመኖቹ ታላቅ ገጣሚ የጊሼ ቻረንትስ እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ ደራሲው አክሴል ባኩንትስ ተረሸነ። ተማሪዋ ትናንት የምታነበው መጽሐፍ ዛሬ ከመደርደሪያው ጠፋ። እንግዲህ ቃል ሰው እንደሚያስገድል የተማረችው ገና በ18 ዓመቷ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ከዚያም ወደደች። የወደደችው ገጣሚ ነው፤ ሆቭሃንስ ሺራዝ። ትክክለኛ ስሙ ኦኒክ ካራፔትያን ነበር፤ ግጥሞቹ የሺራዝ ከተማ ጽጌረዳ ይሸታሉ ብሎ አንድ ደራሲ ሺራዝ አለው ይባላል፣ ስሙም በዚያው ጸና። እሱም አባቱ በጦርነት የተገደለበት፣ በየመንገዱ ያደገ ልጅ ነው። ሁለት አባት አልባ ልጆች፣ ሁለቱም ገጣሚ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፤ መቼም ሁለት ጅረት በአንድ ማሰሮ አይቀዳም። በ1941 አራ የተባለ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፣ በዚያው ዓመት ጀርመን ሶቪየትን ወረረ፣ በዚያው ዓመት እሷ የደራስያን ማኅበር አባል ሆነች፤ ትዳሩ ግን ውሎ አድሮ ፈረሰ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ባልና ሚስት ለምን ተለያዩ ብሎ መቆፈር የጎረቤት ሥራ ነው።

ቆይታ የሚገባው ልጁ ጋ ነው።

1944 ነው። ጦርነቱ አላለቀም፤ ዳቦ በካርድ ነው፤ ከየቤቱ ወንድ ልጅ ግንባር ሄዷል። እና ጸደይ መጣ። በእነሱ አገር ጸደይ ሲመጣ በረዶው ከጣሪያው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፣ ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ በፊት አበባ ይለብሳል፤ የአፕሪኮት ዛፍ አርመኖች ዘንድ እንደኛ አደይ ነው፣ ሲያዩት ዓመቱ ታደሰ ይላሉ። ትንሹ አራ አፉን እየፈታ ነው። ቃል ይሰብራል፣ ይጥላል፣ መልሶ ያነሳል። የ25 ዓመቷ እናት ይህን ስታዳምጥ ቆየችና ተቀምጣ አንድ ግጥም ጻፈች፤ «ቃል ለልጄ» ይባላል።

ግጥሙን እዚህ አልጠራላችሁም፤ በሌላ ቋንቋ ሲጠሩት ጣዕሙ ይሄዳል። ነገሩ ግን ይህ ነው፤ እናቲቱ ልጇን አስቀምጣ፣ ይህ የምትኮላተፍበት ቋንቋ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ተራራና ስንት ዘመን አቋርጦ እንደደረሰ፣ ስንቱ እንደሞተለት ትነግረውና አደራ ትለዋለች። እናንተዬ፣ አደራ የሚለውን ቃል እኛ እናውቀዋለን። በአደራ የተሰጠህን አትሸጠውም፣ አትሰጠውም፣ አልፈልግም ብለህም አትጥለውም። መጨረሻው ላይ የምትጠይቀው ነገር እናት ከልጇ የማትጠይቀው ከባድ ነገር ነው፤ የሚያውቅ አርመን ካጋጠማችሁ ጠይቁት፣ ሲናገረው ፊቱን እዩት።

ያ ግጥም ከዚያ ክፍል ወጣና ሄደ። የሬቫን ያሉ ልጆች በቃላቸው ያዙት፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ቤይሩት ገባ፣ አሌፖ ገባ፣ ካይሮ ገባ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ቦስተንና ሎስ አንጀለስ ገባ፤ የአርመን ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ፣ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሕፃን ወንበር ላይ ቆሞ ይለዋል፣ ከኋላ የተቀመጡት አያቶችም መሐረብ ያወጣሉ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጣችሁ ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ አማርኛውን እየሰማ በሌላ ቋንቋ የሚመልስላችሁ፣ የእነዚያን አያቶች መሐረብ እኔ ለእናንተ አላብራራም።

ቶናው ቀርቧል፤ እየጠጣችሁ ስሙኝ።

አሁን የማይመቸውን ክፍል ልናገር፤ ታሪክ ሲተርኩ ማር ማሩን ብቻ ማውጣት ደግ አይደለም። ሲልቫ የመንግሥቱ ሰው ነበረች። በ1945 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነች፤ በሞስኮ የጎርኪ የሥነ ጽሑፍ ተቋም ተማረች፤ በ1952 በስታሊን ስም የሚሰጠውን ትልቁን የመንግሥት ሽልማት ተቀበለች። ስታሊን ያኔ በሕይወት አለ። ቻረንትስን የበላው ቤት እሷን ሸለመ። ግጥሞቿን ወደ ሩስያኛ የመለሱላት እነ ቡላት ኦኩጃቫና ቤላ አኽማዱሊና ናቸው፤ በዚያ አገር ከዚህ በላይ የሚመኙት ክብር የለም። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ፊቴን አዙሬባት ነበር። በኋላ ግን እንዲህ አልኩ፤ በዚያ ማዕድ ቀርቦ ያልበላ ማን አለ? ልዩነቱ ከበላ በኋላ አፉ የታሰረና ያልታሰረ ላይ ነው። የእሷ አልታሰረም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ወጣች። የሶቪየት ዜጋ እንደልቡ አይወጣም ነበር፤ ከወጣም ለሚያየው ሁሉ ተጠያቂ ነው። እሷ የሄደችው ከ1915 እልቂት የተረፉት ልጆቻቸውን ይዘው የሰፈሩበትን አገር ለማየት ነው። ቤይሩት አጠገብ ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስደተኞቹ በቆርቆሮና በድንኳን ጀምረው በኋላ በድንጋይ የሠሩት ነው፤ በቦታው መንገዶቹን ማራሽ፣ አዳና፣ ሲስ እያሉ በጠፉት ከተሞቻቸው ስም ሰይመዋቸዋል። ሰው ከተማውን ሲያጣ ስሙን ይዞ ይሄድና ጠባብ መንገድ ላይ ይሰቅለዋል። ልብስ የተሰጣባቸው ሰገነቶች፣ የጫማ መዶሻ ድምፅ፣ በደረጃው ላይ ባስቱርማ ሲሸት፣ አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ቆዳ ፋቂ ደመወዙን ከፍሎ ልጁን አርመንኛ ሲያስተምር፤ እንዲህ ያለ ሰፈር ነው። እሷ የየሬቫን ሴት ናት፤ ቋንቋው የራሱ መንግሥት፣ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ነው የመጣችው። ደግሞም ያው በየሬቫን፣ ልጄ ወደፊት እንዲያልፍለት ብሎ ወደ ሩስያኛ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ እየበዛ መሄዱ ሲያንገበግባት ነው የኖረው።

ተመልሳ በ1964 ያሳተመችው የጉዞ መጽሐፍ ርእሱ «ሲራራው ገና እየሄደ ነው» እንደማለት ነው። ሲራራ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የግመል ጉዞ ለእኛ ሲራራ ነው። ነገር ግን የእሷ ሲራራ ነጋዴ አይደለም፤ በ1915 ተነድቶ የወጣው፣ ልጁም የልጅ ልጁም ገና ያልደረሰው ነው። በኋላም አሜሪካና ካናዳ ሄደች፣ ስለዚያም በ1976 ሌላ መጽሐፍ አወጣች፤ ያገኘችው ግን ያንኑ ሕዝብ ነው።

የሲራራው መጽሐፍ ከወጣ በዓመቱ ኤፕሪል 24 ቀን 1965 መጣ፤ እልቂቱ 50 ዓመት የሞላበት ቀን። ሞስኮ በጭንቅ የፈቀደችው በኦፔራው ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ የተጠሩ ሰዎች ብቻ የሚገኙበት መታሰቢያ ነበር። ደጅ ግን ማንም ያልጠራው ሕዝብ መጣ። ተማሪ መጣ፣ ሠራተኛ መጣ፣ ጥቁር የለበሱ አሮጊቶች መጡ፣ ሰልፉ በከተማው ዞረ፣ ሲመሽም ኦፔራውን ከበበ፣ ከዚያም ድንጋይ በመስኮት ገባ፣ በእሳት አደጋ መኪና ውኃ ሕዝቡን በተኑት። በሶቪየት ምድር እንዲህ ያለ ሰልፍ ብዙም ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሲልቫ፣ የስታሊን ተሸላሚዋ፣ ከነገጣሚው ፓሩይር ሴቫክ ጋር ከሕዝቡ ወገን ነበረች። በሁለት ዓመቱ በከተማዋ ኮረብታ ላይ የመታሰቢያው ሐውልት ተሠርቶ ቆመ፤ እሳቱ እስከ ዛሬ አይጠፋም፣ ኤፕሪል 24 በመጣ ቁጥር ሕዝቡ አበባ ይዞ ይወጣል።

ከዚህ ወዲያ «እሷ» እያልኩ መቀጠል አፌን ይይዘኛል። ልጅ ሳሉ እሷ ብያለሁ፣ እናት ሲሆኑም እሷ ብያለሁ፤ አሁን ግን ጸጉራቸው ነጥቷል፣ 69 ዓመታቸው ነው፣ የሚገቡትም ክሬምሊን ነው። አንቱ ልበላቸው።

1988፣ ወርኃ ፌብሩዋሪ። ካራባኽ የሚባል ተራራማ ምድር አለ፤ የሚበዛው ነዋሪ አርመን ሆኖ፣ ግዛቱ ግን በአዘርባጃን ሥር ነበር። በ20ኛው ቀን የካራባኽ ምክር ቤት ወደ አርመን እንዛወር ብሎ ወሰነ፣ የሬቫንም ተነሳች። ስሙኝ፣ አገሩ ሁሉ ሦስት ሚሊዮን ተኩል የማይሞላ ሕዝብ ነው፤ በዚያ ሳምንት መጨረሻ በኦፔራው አደባባይና በዙሪያው የወጣው ሰው ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ተገመተ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው እየተቃቀፈ ይሞቃል፣ ከየቤቱ ዳቦና ሻይ ይወጣል፣ ማንም ማንንም አይገፋም። ሁለት አባት አልባ ልጆች ከተዋደዱባት ያቺ ትንሽ ከተማ ይህ ሁሉ ሰው ከየት ወጣ? ከየምድጃው ዳር ነው የወጣው፣ አያቶቹ ካስቀመጡት።

የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ተጨነቀ። የፓርቲ ሹም ቢልክ ሕዝቡ አይሰማ፤ ስለዚህ ሕዝቡ የሚሰማቸውን ሁለት ደራስያን አስጠራ፤ ጋዜጠኛና ደራሲ የሆነውን ዞሪ ባላያንን እና ሲልቫ ካፑቲክያንን። ሞስኮ በረሩ። ኮሌራ አባታቸውን የገደለባቸው የቫን ስደተኛ ልጅ በዓለም ከነበሩት ሁለት ታላላቅ መንግሥታት በአንዱ መሪ ፊት ተቀምጠው የሕዝባቸውን ጉዳይ ሲያስረዱ አስቡት። ፌብሩዋሪ 26 ቀን ነው። ጎርባቾቭ የሰጠው መልስ ልመናም ማስጠንቀቂያም ነበረው፤ አንድ ድንበር ከነካሁ ሌላው ሁሉ ይነቃነቅብኛል፣ ጊዜ ስጡኝ፣ ሕዝቡን አረጋጉልኝ የሚል። የጠየቀው አንድ ወር ነው።

ሁለቱ ተመለሱ፣ ባላያን አደባባዩ ላይ ወጥቶ ተናገረ፣ እሳቸው ደግሞ በቴሌቪዥን ቀረቡ። ልጅ ሆኖ ግጥማቸውን በቃሉ ያልያዘ ሰው በዚያ አደባባይ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያቺ ድምፅ ናት አሁን ወደ ቤታችሁ ግቡ የምትለው። እና ሚሊዮኑ ሕዝብ ተበተነ፤ አንድ ወር እንጠብቃለን ብሎ ሄደ።

ሄደ፣ ነገር ግን ገና ወደ ቤቱ እየገባ ሳለ፣ በካስፒያን ባሕር ዳር ሱምጋይት በምትባል የአዘርባጃን ከተማ፣ የመንጋ ጭፍጨፋ ተነሳ። ሦስት ቀን ቆየ። መንግሥት ያመነው ሟች 32 ነው፤ 26ቱ አርመኖች። ከዚያ ወዲያ የአንድ ወር ቀጠሮ የሚባል ነገር የት ይገኛል? በየወገኑ ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ፣ አርመኖች ከአዘርባጃን ተሰደዱ፣ አዘሪዎችም ከአርመን ተሰደዱ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 7 ቀን ስፒታክ ላይ ምድር ተንቀጥቅጣ 25,000 ያህል ሰው በላች፣ ከዚያም ሶቪየት ፈረሰች፣ አርመንም በ1991 ነጻ ወጣች፣ ጦርነቱም እስከ 1994 ነደደ።

ሕዝቡን ግቡ ማለታቸው ልክ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ እንደ ጥፋት አልቆጥርባቸውም። ሚሊዮን ሰው በቆመበት አደባባይ አንዲት ጥይት ብትተኮስ ምን እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች ነን። ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ አደራ የሚለውን ቃል ሕይወታቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በዚያች ምሽት የሌላ ሰው ተስፋ አደራ ተቀባይ መሆናቸው ነው። ተስፋው የጎርባቾቭ ነበር፤ ዋስ የሆኑት ግን እሳቸው።

እንግዲህ አገር ነጻ ወጣ፣ ባንዲራውም ተሰቀለ፣ ሞስኮ የምትጠራቸው ቀረ፣ አሁን ይረፉ የሚባሉበት ዕድሜ መጣ። ነጻ የወጣችው አገርም አከበረቻቸው፤ ፕሬዚደንቱ ሮበርት ኮቻርያን በፊደል ቀራጩ በሜስሮፕ ማሽቶትስ ስም የተሰየመውን ሜዳሊያ ሸለሟቸው። ኮቻርያን የማን ልጅ እንደሆኑ ታውቃላችሁ? የካራባኽ። ያ ሁሉ ሰው የተሰለፈላት፣ ሲልቫ ክሬምሊን ድረስ የሄዱላት የካራባኽ ተወላጅና የቀድሞ መሪ ናቸው።

ኤፕሪል 2004 ላይ ተቃዋሚዎች ፕሬዚደንቱን ልቀቁ ብለው ባግራምያን ጎዳና ላይ አደሩ። በ12 ለ13 አጥቢያ፣ ከተማው ሲተኛ፣ ፖሊስ በውኃና በሚያደነቁር ቦምብ፣ በዱላም ጭምር በተናቸው። ሲልቫ ያኔ 85 ዓመታቸው ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው መድኃኒቱን ቆጥሮ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዜናውን ሰምቶ ራሱን ነቅንቆ ቢተኛ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን ብዕራቸውን አነሱና ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ርእሱ «ኮቻርያን መሄድ አለበት» የሚል ነው። ከደብዳቤው ጋር ሜዳሊያውን መለሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። በ18 ዓመታቸው ቃል ሰው ሲያስገድል አይተዋል ብያችሁ ነበር። በስታሊን ጊዜ የተቀበሉትን ሽልማት አልመለሱም፤ ያኔ መመለስ ማለት ሞት ነበር፣ እሳቸውም ጀግና ነበርኩ አላሉም። የመለሱት የገዛ አገራቸው የሸለማቸውን ነው። ያውም በላዩ የተጻፈው ስም እድሜ ልካቸውን ሲከራከሩለት የኖሩት ፊደል አባት ስም ነው። ያን ብረት ከመሳቢያው አውጥተው፣ ምናልባት አንድ ጊዜ በመሐረብ ወልወል አድርገው፣ በፖስታ ሲከቱት ይታየኛል። እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አላውቅም፤ ደብዳቤው ግን አይንቀጠቀጥም።

በረካው ደረሰ፤ እኔም ልጨርስ።

ያ በጸደይ ወራት ቃል የተነገረው ትንሽ ልጅ አደገ። አባቱም እናቱም ገጣሚ ሆነው እሱ የመረጠው ድንጋይና ነሐስ ነው፤ የታወቀ ቀራጺ ሆነ። የሬቫን የሄደ ሰው በትልቁ ካቴድራል አጠገብ የጄኔራል አንድራኒክን ሐውልት ያያል፤ ፈረሰኛው በሁለት ፈረሶች ላይ ነው፣ የአራ ሺራዝ እጅ ነው። እሱም በ2014 ሞተ። ካራባኽንም ታውቃላችሁ፤ በ2023 ሴፕቴምበር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ከ100,000 በላይ አርመኖች መኪናቸውን ጭነው በአንዲት ጠመዝማዛ መንገድ ወደ አርመን ወጡ። እናትየዋ ይህን አላዩም።

ሲልቫ ካፑቲክያን ያረፉት ነሐሴ ላይ ነው፤ ኦገስት 25 ቀን 2006፣ በ87 ዓመታቸው፣ በየሬቫን። ቤታቸው በ2009 ሙዚየም ሆነ። የተቀበሩት በሙዚቀኛው በኮሚታስ ስም በሚጠራው የታላላቆች መካነ መቃብር ነው፤ ሆቭሃንስ ሺራዝም ከ1984 ጀምሮ ያረፈው እዚያው ነው።